ባንዲራው ተቀየረ፣ ጦሩ ግን ያው ነበር

ስለ አፍሪካ ጦርነት ወሬ በተነሳ ቁጥር የሚመጣው መልስ አንድ ነው፣ ነጮቹ በርሊን ተሰብስበው ድንበሩን በማስመሪያ ስላሰመሩት ነው የምንባላው ይባልና ወሬው እዛው ላይ ይዘጋል። እዚህ አዳማ ቡና ላይም ታክሲ ውስጥም የምሰማው ይሄንኑ ነው። ድንበሩ ችግር አላመጣም እያልኩ አይደለም፣ ወደ ምስራቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ተወልዶ ያደገ ሰው እንደዛ ሊል አይችልም። ግን ከነፃነት በኋላ የመጡትን ጦርነቶች አንድ በአንድ ስታያቸው አብዛኞቹ ድንበር ላይ አይደሉም እኮ። ኮንጎ፣ ሱዳን፣ ናይጄሪያ፣ ቻድ፣ አንጎላ፣ ሞዛምቢክ፣ ኡጋንዳ፣ ሁሉም የተፋጀው እዛው ቤቱ ውስጥ ነው። ሁለት የአፍሪካ መንግስታት መደበኛ ጦራቸውን አሰልፈው ፊት ለፊት የገጠሙባቸው ጊዜዎች ቁጭ ብለህ ብትቆጥራቸው ጥቂት ናቸው።

እኔ ብዙ ካነበብኩና ሽማግሌ ከጠየቅኩ በኋላ የደረስኩበት ነገር ምንድነው፣ ከተወረሰው ድንበር በላይ ብዙ ደም ያፈሰሰው የተወረሰው ጦር ነው። ይሄን ሳስብ ስለከረምኩ ዛሬ ዘርዘር አድርጌ ልጽፈው ነው፣ ረጅም ነው፣ የውጪዎቹን ዓመት በፈረንጅ የኛን በኛ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።

መጀመሪያ ቅኝ ገዢ ጦር የሚያቋቁመው ለምንድነው የሚለውን ማሰብ ነው። የቤልጂየሙ ንጉሥ ኮንጎ ውስጥ ጦር ያቋቋመው ፖርቹጋል እንዳትመጣበት ብሎ አይደለም፣ እንደዛ አይነቱን ነገር አውሮፓ ውስጥ በጠረጴዛ ይጨርሱታል። ጦሩ የተፈለገው ሕዝቡን ለመጠበቅ ነው፣ መጠበቅ ስል እስረኛ እንደሚጠበቀው። የጎማ ኮታውን ያላመጣ መንደር አለ፣ ግብር አልከፍልም ያለ አለ፣ መዳብ ማውጫው ላይ አድማ የመታ ሰራተኛ አለ፣ እነሱ ላይ ነው የሚዘምተው። ወታደሩ ከሩቅ አውራጃ ተመልምሎ ቋንቋውን ከማያውቀው ሕዝብ መሀል ይሰፍራል፣ እንዲያዝን አይፈለግማ። እንግሊዞች ደግሞ ህንድ ላይ የጀመሩት «ተዋጊ ዘር» የሚሉት ነገር ነበራቸው፣ ይሄኛው ጎሳ ለጠመንጃ ያኛው ለቢሮ እያሉ ይከፋፍላሉ። ኡጋንዳ ላይ ወታደሩን በብዛት ከሰሜን ይመለምላሉ፣ ናይጄሪያም ተራው ወታደር በብዛት ከሰሜንና ከመሀል አገር ሆኖ ወደ ነፃነቱ አካባቢ ኦፊሰር የሆኑት ደግሞ በብዛት ከምስራቅ የመጡ የተማሩ ኢግቦዎች ነበሩ። እንግዲህ ባንዲራ ሲወርድና ሲሰቀል ለአዲሶቹ መሪዎች የተረከቡት ጦር ይሄ ነው፣ ዋና ስራው የራሱን ሕዝብ መቆጣጠር የነበረ ጦር።

ኮንጎን ተመልከቱ። ጁን 30 ቀን 1960 ነፃ ወጣች። ፎርስ ፑብሊክ የሚባለው ጦሯ 25,000 ገደማ ወታደር ነበረው፣ ኦፊሰሮቹ 1,000 ገደማ ሲሆኑ ሁሉም ቤልጂጎች ናቸው። በነፃነቱ ቀን አንድ እንኳን ኮንጓዊ ኦፊሰር አልነበረም፣ አንድ መቶ አለቃ እንኳን! ባንዲራው ከተሰቀለ በአምስተኛው ቀን አዛዡ ጄኔራል ጃንሰንስ ወታደሮቹን ሰብስቦ ጥቁር ሰሌዳ ላይ «ከነፃነት በፊት = ከነፃነት በኋላ» ብሎ ጻፈላቸው። በዛው ማታ ቲስቪል ያለው ካምፕ አመፀ፣ ከዛ ወደ ሌላው ተዛመተ፣ ነጭ ኦፊሰሮች ተደበደቡ ቤተሰቦቻቸውም ላይ ግፍ ተፈፀመ፣ ቤልጂየም ዜጎቼን ላድን ብላ ፓራ ኮማንዶ አወረደች፣ ጁላይ 11 ሞይስ ቾምቤ መዳቡ ያለበትን ካታንጋን ገንጥያለሁ አለ። ነፃነት ከታወጀ ገና ሁለት ሳምንት አልሞላም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሉሙምባ ጦሩን ለማረጋጋት ብሎ ኮንጓውያንን በአንድ ጊዜ ወደ ላይ ሾመ፣ ከተሾሙት አንዱ ሞቡቱ ነው፣ የቀድሞ ሳጅን እና ጋዜጠኛ ነበር፣ ኮሎኔልና ኤታማዦር ሹም ሆነ። በሴፕቴምበር ሞቡቱ በሉሙምባ ላይ ተነሳ፣ ጃንዋሪ 17 ቀን 1961 ሉሙምባ ካታንጋ ውስጥ ተገደለ፣ 1965 ላይ ሞቡቱ ስልጣኑን ጠቅልሎ ያዘና እስከ 1997 ቆየ። ሰው ይሄን ሁሉ የሲአይኤ ስራ ነው ብሎ ያልፈዋል፣ እጃቸው ነበረበት አዎ፣ የቤልጂየምም እጅ ነበረበት፣ ግን በሩን ከፍቶ የጠበቃቸው ያ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ነገር ነው ብዬ ነው የማስበው። ጄኔራሉ ጦሩን ያውቀዋል፣ የጻፈው እውነቱን ነው።

እዚህ ጋር የኛ ሰዎች ይገባሉ። ኢትዮጵያ በተባበሩት መንግስታት ጥላ ስር ጠቅል ብርጌድን ወደ ኮንጎ ላከች። 1961 ላይ ካባሎ በምትባል ከተማ የኛ ወታደሮች ለካታንጋ የሚዋጉ ነጭ ቅጥረኞችን ይዘው ትጥቅ አስፈትተዋል። በዛው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ደግሞ ካታንጋ ፉጋ ማጂስተር የምትባል አንዲት ማሰልጠኛ ጄት ይዛ የተባበሩት መንግስታትን ጦር መላወሻ አሳጣችው፣ አንድ አውሮፕላን ብቻ! ሌላው ወገን ምንም ተዋጊ ጄት ስላልነበረው ሰማዩ የሷ ሆነ። ከዛ በኋላ ነው ስዊድን፣ ህንድና ኢትዮጵያ ጄቶቻቸውን የላኩት፣ የኛዎቹ ኤፍ 86 ሴበሮች ነበሩ፣ አየር ኃይላችን ያለው እንግዲህ እዚሁ ከአዳማ አለፍ ብሎ ቢሾፍቱ ነው፣ ያኔ ደብረ ዘይት። ከ1962 እስከ 1963 የጠቅላላ የተባበሩት መንግስታት ጦር አዛዥ ደግሞ ሌተናል ጄኔራል ከበደ ገብሬ ነበሩ። ይሄን የማያውቅ ብዙ ወጣት አለ፣ ኮርያን ሁሉም ያውቃል ኮንጎ ግን ተረስቷል፣ ይሄ በጣም ነው የሚያንገበግበኝ።

ሌላም አለ። ወታደሮቻችን ኮንጎ ሄደው የሰው አገር ጦር ሲያረጋጉ በዛው ዓመት ታህሳስ 1953 አዲስ አበባ ውስጥ የራሳችን ክብር ዘበኛ በጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መሪነት መፈንቅለ መንግስት ሞከረ። እኛ ቅኝ አልተገዛንም፣ እውነት ነው፣ ግን ቤተመንግስት አጠገብ ቁጭ ያለ ጦር ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ቅኝ መገዛት አያስፈልግም።

በነገራችን ላይ ይሄ የአፍሪካ ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም። ህንድና ፓኪስታን በኦገስት 1947 ሲለያዩ ጦሩንም ተካፈሉት፣ ሬጅመንቱን ጠመንጃውን ሁሉ። በኦክቶበር ካሽሚር ላይ ውጊያ ሲጀምሩ የህንድ ጦር አዛዥ እንግሊዛዊ ጄኔራል ነው፣ የፓኪስታን ጦር አዛዥም እንግሊዛዊ ጄኔራል ነው። የፓኪስታኑ መሪ ጂናህ ጦር ወደ ካሽሚር ይግባ ሲል ጦሩን በጊዜያዊነት ይመራ የነበረው እንግሊዛዊው ጄኔራል ግሬሲ እምቢ አለ። ሁለት ነፃ አገሮች ተዋጉ እንበል ወይስ ለሁለት የተከፈለ አንድ ጦር እርስ በርሱ ተዋጋ እንበል? በኋላ ታንክ ለታንክ የገጠሙበት 1965ም፣ ከ90,000 በላይ የፓኪስታን ሰው ተማርኮ ባንግላዴሽ የተወለደችበት 1971ም የዛ ክፍፍል ልጆች ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ጃንዋሪ 1964። ይሄን ወር ታሪክ የሚወድ ሁሉ በደንብ ቢያየው እላለሁ፣ ምክንያቱም ሶስት አገሮች በአንድ ሳምንት ውስጥ አንድ አይነት ችግር ገጠማቸው፣ ሶስቱም ከአንድ እናት የወጡ ጦሮች ናቸው፣ እንግሊዝ ምስራቅ አፍሪካ ላይ ካቋቋመችው ኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ ከሚባለው። ይሄ ጦር ለኛም እንግዳ አይደለም፣ በ1933 ጣልያንን እየገፋ ከሶማሊያ በኩል መጥቶ በአዋሽ አድርጎ አዲስ አበባ ከገቡት ውስጥ ነው፣ ማለትም በዚሁ በኛ መንገድ። በዛው ዘመቻ ናይጄሪያውያኑም ካራማራ ላይ ተዋግተዋል፣ ስለ ካራማራ በኋላ እመለሳለሁ። ያ ውለታ ነው፣ መካድ አይቻልም። ግን ያው ጦር ከአስር ዓመት በኋላ ኬንያ ውስጥ በእንግሊዝ ላይ ያመፁትን ማው ማውን ሲያሳድድ ነው የምናገኘው፣ እዛ ውስጥ ኢዲ አሚን የሚባል ግዙፍ ሰውዬ ነበረ።

ጃንዋሪ 20 ዳሬሰላም ያለው የታንጋኒካ፣ ማለት የዛሬዋ ታንዛኒያ፣ ጦር አመፀ። ታንጋኒካ ነፃ ከወጣች ሁለት ዓመት አልፏታል ኦፊሰሮቹ ግን በአብዛኛው አሁንም እንግሊዞች ናቸው፣ ወታደሩ ደሞዝ ይጨመር፣ እንግሊዞቹ ይውጡ አለ። መሪው ኔሬሬ ተሸሸገ። 23 ላይ ኡጋንዳ ጂንጃ ያለው አመፀ፣ 24 ላይ ኬንያ ናኩሩ አጠገብ ላኔት ካምፕ። ሶስቱም መሪዎች እንግሊዝን ጠሩ፣ ትናንት ያባረሩትን ሰው ና አድነኝ ማለት እንዴት እንደሚያም አስቡት። ኔሬሬ በኋላ ይሄን ውርደት ነው ብሎ በአደባባይ ተናግሯል። ጃንዋሪ 25 ዳሬሰላም ላይ የእንግሊዝ ማሪኖች ከመርከብ በሄሊኮፕተር ወርደው በሰዓታት ውስጥ ጨረሱት።

ከዛ በኋላ ያደረጉት ነው የሚለያቸው። ኡጋንዳ ደሞዙን በእጥፍና ከዛ በላይ ጨመረች፣ አገሬውንም ቶሎ ቶሎ ወደ ላይ ሾመች፣ ማለት ጦሩ ጠመንጃ ሲያነሳ እንደሚሰጠው ተማረ። አሚን በፍጥነት አደገ፣ 1966 ላይ የኡጋንዳው መሪ ኦቦቴ የቡጋንዳውን ንጉሥ፣ የካባካውን፣ ቤተመንግስት ሲያስመታ ዘመቻውን የመራው አሚን ነው፣ እንግዲህ ይሄ የድሮው የቅኝ ገዢ ስራ ነው በቃ፣ ወደ ውስጥ መተኮስ። ጃንዋሪ 25 ቀን 1971 ደግሞ ኦቦቴ ለስብሰባ ሲንጋፖር እያለ አሚን ስልጣኑን ያዘ። ኬንያ መሪዎቹን ፍርድ ቤት አቀረበች፣ ከእንግሊዝ ጋርም ወታደራዊ ስምምነት ተፈራርማ ቀጠለች።

ኔሬሬ ግን ጦሩን በተነው። ሙሉ በሙሉ። ወታደሮቹ ትጥቅ ፈተው ወደየቤታቸው ተላኩ፣ አገሪቷ ለወራት ጦር የሌላት አገር ሆነች፣ እስከዛ ድረስ ከናይጄሪያ አንድ ባታሊዮን መጥቶ ጠበቀላት። ከዛ በሴፕቴምበር 1964 አዲስ ጦር ተመሰረተ፣ ምልምሎቹ በብዛት ከፓርቲው የወጣቶች ማህበር የመጡ ናቸው፣ ከየጎሳው፣ ፖለቲካ ይማራሉ፣ እርሻም ያርሳሉ። አንድ ፓርቲ ጦሩን የራሱ ማድረጉ ለኔ የሚዋጥ ነገር አይደለም፣ ሌላ አገር ላይ ይሄው ዘዴ ምን እንዳመጣ አይተናል። ግን እስከ ዛሬ ታንዛኒያ ውስጥ የተሳካ መፈንቅለ መንግስት የለም፣ ይሄን ደግሞ ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ታንዛኒያን ሊጠብቅ የመጣው ናይጄሪያዊ ጦርስ? ሁለት ዓመት አልፈጀም፣ ጃንዋሪ 15 ቀን 1966 የናይጄሪያ ወጣት ኦፊሰሮች ጠቅላይ ሚኒስትሩን ጨምሮ የሰሜንና የምዕራብ መሪዎችን ገደሉ፣ ከገዳዮቹ ብዙዎቹ ኢግቦ ስለነበሩ ሰሜኑ የዘር መፈንቅለ መንግስት አድርጎ አየው፣ በጁላይ ሰሜናውያን ወታደሮች መልሰው ተነሱ፣ ሰሜን ውስጥ ይኖሩ የነበሩ ኢግቦዎች በሺዎች ተጨፈጨፉ፣ የተረፉት ወደ ምስራቅ ጎረፉ፣ ሜይ 30 ቀን 1967 የምስራቁ አስተዳዳሪ ኦጁኩ ምስራቁን ገንጥሎ ቢያፍራ ብሎ አወጀ። ጦርነቱ እስከ ጃንዋሪ 1970 ቆየ። ሲጀመር የናይጄሪያ ጦር 10,000 ገደማ ነበር፣ ሲያልቅ 250,000 ገደማ ሆነ። የሞተው ሰው ከ1 እስከ 3 ሚሊዮን ይገመታል፣ አብዛኛው በጥይት ሳይሆን በርሃብ ነው፣ ሕፃናት። እንግሊዝና ሶቪየት በዛ በቀዝቃዛው ጦርነት መሀል ለአንድ ወገን፣ ለፌዴራሉ፣ ትጥቅ ሲሰጡ ፈረንሳይ በጓሮ ቢያፍራን ትረዳ ነበር። ጃንሆይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አስታራቂ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነው ኦገስት 1968 ሁለቱን ወገን አዲስ አበባ አገናኝተው ነበር፣ አልሆነም። 1963 ላይ አልጄሪያና ሞሮኮ በረሃ ላይ ሲዋጉ ከማሊው ሞዲቦ ኬይታ ጋር ባማኮ ላይ ተኩስ አስቁመው ነበር እኮ፣ የድንበሩ ጠብ በሳምንታት በረደ፣ የቤት ውስጡ ግን እስኪጨርስ አልበረደም። ልዩነቱ እዚህ ጋር ቁልጭ ብሎ ይታየኛል።

ቢያፍራ ላይ ሆኜ አንድ ሰው ሳላነሳ ማለፍ አልችልም፣ ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን። ስዊድናዊ ፓይለት ነው። ጣልያን በወረረችን ጊዜ ለቀይ መስቀል እዚህ በረረ፣ ከጦርነቱ በኋላ ተመልሶ ቢሾፍቱ ላይ አየር ኃይላችንን ካቋቋሙት ዋናው ሆነ፣ እስከ 1956 በፈረንጅ ቆየ። ከዛ ቢያፍራ ሄደ፣ መጀመሪያ እርዳታ ለማድረስ፣ ቀጥሎ ግን በሜይ 1969 ለልምምድ የተሰሩ ደቃቃ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላኖች ላይ ሮኬት አስገጥሞ የናይጄሪያን ኤርፖርቶች መታ፣ መሬት ላይ የቆሙ ጄቶች አቃጠለ። ዝቅ ብለው ስለሚበሩ ዛፉ ላይ እስኪደርሱ አይታዩም። ከዛ ደግሞ በድርቁ ጊዜ መልሶ ኢትዮጵያ መጥቶ በትናንሽ አውሮፕላን መኪና የማይደርስበት መንደር እህል ይጥል ነበር። በኛ ሐምሌ 1969 ጎዴ ላይ ሶማሊያ ስትወር ተገደለ። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ይሄ ሁሉ። ቢያፍራ ላይ ያደረገውን ትክክል ነው አልልም፣ ጦርነቱን ያራዘመው የሚሉ አሉ ክርክራቸውም ሚዛን አለው፣ ግን የጎዴው ሞቱ ሲታሰብ ባለውለታችን ነው።

እንግዲህ ሶማሊያ ላይ ደረስን። ይሄኛው የድንበር ጦርነት ነው፣ አልክድም። ሶማሊያ በጁላይ 1960 ነፃ ስትወጣ ባንዲራዋ ላይ ያለው ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ሶማሌ የሚኖርባቸውን አምስት ቦታዎች ያመለክት ነበር፣ አንዱ ኦጋዴን ነው። 1964 ካይሮ ላይ የአፍሪካ መሪዎች ነፃ ስንወጣ ያገኘነውን ድንበር እናክብር ሲሉ ሶማሊያ አልተቀበለችም፣ ሞሮኮም። ግን ጦሩን ማን ሰራው? ከ1963 ጀምሮ ሶቪየት። ታንኩም ሚጉም ሚሳኤሉም ከዛ ነው፣ ኦፊሰሮቹም እዛው ሰለጠኑ። የኛን ደግሞ አሜሪካ፣ የሐረር አካዳሚ አስተማሪዎች ህንዶች ነበሩ። ሐምሌ 1969 ሶማሊያ በሙሉ ጦሯ ገባች፣ መስከረም 1970 ጅጅጋ ወደቀች፣ ካራማራም ተያዘ። አየር ላይ የኛ ፓይለቶች በኤፍ 5 የሶማሊያን ሚጎች በለጧቸው፣ እነ ለገሠ ተፈራ፣ እሳቸው ተመተው ከወረዱ በኋላ 11 ዓመት ገደማ ሶማሊያ ታስረው ነው የወጡት። መሬት ላይ ግን ጭንቅ ነበር።

እኛ ሰፈር አንድ አባት አሉ፣ በዛን ጊዜ ታጠቅ ሰልጥነው የዘመቱ ሚሊሺያ ናቸው። ከተማችን ያኔ ናዝሬት እያለች የባቡሩ መስመር ምስራቅ ላይ ተቆርጦ ስለነበር ጭነቱ ሁሉ በመኪና ነበር የሚሄደው፣ በወለንጪቲ በመተሃራ አድርጎ ወደ አዋሽ፣ ሌሊቱን ሙሉ ኮንቮይ ሲያልፍ እናቶች በር ላይ ቆመው ቆሎና ዳቦ ይሰጡ እንደነበር ይነግሩኛል። አንዴ ጋሼ ከሁሉም ምኑ ነው የማይረሳዎት ብያቸው ሬሳ ወይ ጥይት ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ ያነሱት ታንክ ነው። መጀመሪያ ያንን የሩሲያ ታንክ ያየሁት ሊገድለኝ ሲመጣ ነው፣ ወራት ሳይቆይ ያው ታንክ የኛ ሆኖ ከጎኔ ቆመ፣ እኛና እነሱ የምንሞትበት ብረት ያንድ ሰው ሱቅ ነው እንዴ ልጄ አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ነገሩ ደግሞ በትክክል እንደዛ ነው የሆነው፣ ኖቬምበር 1977 ሶማሊያ ሶቪየቶችን አባረረች፣ እነሱም በአውሮፕላን በመርከብ ትጥቃቸውን ወደኛ አዞሩት፣ ኩባዎች ከ15,000 በላይ መጡ፣ ጄኔራል ፔትሮቭ የሚባለው ሶቪየታዊ ዘመቻውን አብሮ አቀደ፣ ካራማራን በፊት ለፊት ብቻ ከመግጠም ይልቅ ዙሪያውን ዞረው በሄሊኮፕተርም ተራራውን አሻግረው ከጀርባ ገቡና የካቲት 26 ቀን 1970 ጅጅጋ ተመለሰች። 1933 ላይ ናይጄሪያውያን ጣልያንን የገጠሙበት በር ነው ይሄ፣ አንድ በር ስንቱን አስተናገደ።

የሶማሊያ ጦር ከዛ በኋላ ምን ሆነ? ወደ ውስጥ ዞረ። 1988 ላይ ዚያድ ባሬ ከኛ መንግስት ጋር ሰላም ፈረመ፣ በዛው ዓመት ጦሩ ሀርጌሳን ደበደበ፣ አውሮፕላኖቹ ከራሷ ከሀርጌሳ ኤርፖርት ተነስተው ሀርጌሳን ቦምብ ጥለውባት እዛው ይመለሱ ነበር። ዚያድ ባሬ እኮ በቅኝ ግዛት ዘመን ፖሊስ ሆኖ ያደገ ሰው ነው። ለአምስቱ ኮከብ ተብሎ የተገዛው ብረት መጨረሻው የራስ ከተማ ማፍረስ ሆነ፣ ከዛ ሶስት ዓመት ሳይሞላ መንግስቱም አገሩም ፈረሰ።

ቻድን ባጭሩ ልንካት ምክንያቱም የዘመናዊ ጦርነት መልክ እዛ ላይ ስለተቀየረ። 1987 ላይ ቻዶች ቶዮታ ፒክአፕ ላይ ሚላን የሚባል የፈረንሳይ ፀረ ታንክ ሚሳኤል ጭነው የጋዳፊን ታንኮች በረሃ ላይ ፈጇቸው፣ ፋዳ ላይ፣ ከዛ በማርች ዋዲ ዱም ላይ። ታንክ በሚሊዮን ተገዝቶ በፒክአፕ ሲሸነፍ ያየ አማፂ ሁሉ ትምህርት ወሰደ፣ ዛሬ ሶማሊያም ሱዳንም ሊቢያም ዶሽቃ የተጫነበት መኪና የምናየው ያንን ተከትሎ ነው። በጀት የሌለው ቡድንም መንግስትን መግጠም ቻለ፣ ይሄ ለመንግስታት ብቻ ሳይሆን ለሕዝቡም መጥፎ ዜና ነበር።

አሁን የ1964ቱን ፈተና ውጤት እንይ። ኦክቶበር 1978 የአሚን ጦር ታንዛኒያ ገባ፣ ካጌራ ወንዝ ድረስ ያለውን መሬት የኔ ነው አለ፣ ድልድይ አፈረሰ፣ ከብት ዘረፈ፣ ገበሬ ገደለ። ከዛ ቀደም ብሎ የአሚን ጦር እርስ በርሱ መከፋፈልና ማመፅ ጀምሮ ነበር፣ ወረራውም የመጣው በዛው መሀል ነው። እንግዲህ ከአንድ እናት የወጡት ሁለቱ ጦሮች ተገናኙ፣ አንዱ ደሞዝ የተጨመረለት፣ አንዱ ተበትኖ እንደገና የተሰራው። ታንዛኒያ ሚሊሺያውን ጠርታ ጦሯን ከ150,000 በላይ አደረሰችው፣ የሕዝብ አውቶብስና የግል መኪና ሁሉ ለጦሩ ዋለ። ኡጋንዳውያኑ «ሳባ ሳባ» እያሉ የሚጠሩት የታንዛኒያ የሮኬት መሳሪያ ገና ድምፁ ሲሰማ የአሚን ወታደሮች ጥለው ይሸሹ ነበር። ጋዳፊ ለአሚን ጦር ላከ፣ ሉካያ ላይ ማርች 1979 ትልቁ ውጊያ ተደረገ፣ ሊቢያውያኑ ተሸነፉ፣ ኤፕሪል 11 ካምፓላ ተያዘች፣ አሚን ወደ ሊቢያ ቀጥሎም ወደ ሳውዲ ሸሸ።

የኡጋንዳ ጦር ስምንት ዓመት ሙሉ የታገለው ከራሱ ሕዝብ ጋር ነው፣ ምሁር ዳኛ ነጋዴ ሲያፍን የኖረ ጦር ከእውነተኛ ጦር ጋር ሲገጥም እንዲህ ሆነ። ታንዛኒያም ግን በነፃ አልወጣችም፣ ጦርነቱ 500 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደፈጀባት ይገመታል፣ ማንም አልካሳትም፣ በዛው ዓመት ሞንሮቪያ ላይ የአፍሪካ መሪዎች ሲሰበሰቡ ኔሬሬን የሰው አገር ወረርክ ብለው የወቀሱት ነበሩ፣ የሱዳኑ ኒሜሪ ዋናው። ያ ሁሉ ሰው ካምፓላ ውስጥ ሲታረድ ዝም ያሉ መሪዎች ናቸው ይሄን የተናገሩት፣ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ለሀሳቤ የማይመች አንድ ነገር አለ፣ እሱን ሳላነሳ ብጨርስ ግን ታማኝ አይሆንም፣ ደቡብ ሱዳን። በጁላይ 2011 ነፃ ስትወጣ ጦሯ ከቅኝ ገዢ የተወረሰ አይደለም፣ ሃያ ምናምን ዓመት ጫካ የታገለ ነፃ አውጪ ነው። እንደዛም ሆኖ ዲሴምበር 2013 ጦርነቱ የጀመረው እዛው ጁባ የፕሬዝዳንቱ ጥበቃ ካምፕ ውስጥ፣ በዲንቃና በኑዌር ወታደሮች መሀል ነው። ድንበር ላይ አይደለም ያልኩት ይሰራል፣ የተወረሰ ጦር ነው ያልኩት ግን አይሰራም። ምናልባት ነፃ አውጪውም ሲታገል ጎሳ ጎሳውን ይዞ ተደራጅቶ ስለነበር ይሆናል፣ ምናልባት የ1955ቱ የቶሪት አመፅ ድረስ ወደኋላ መሄድ ያስፈልግ ይሆናል፣ ሱዳን ገና ነፃ ሳትወጣ የደቡብ ወታደሮች ያመፁበት። ይሄን ለብቻው ነው የምጽፈው፣ ኤርትራንና ባድመንም አብሬ፣ የሱ ቁስል ገና ስለሆነ ተጠንቅቄ መጻፍ እፈልጋለሁ።

እስከዛ አንድ ልመና አለኝ። ኮንጎ የዘመተ አባት ወይ አያት ያላችሁ፣ አዳማም ሁኑ ቢሾፍቱ ሞጆም አሰላም፣ አልበሙን አውጡና ፎቶው ጀርባ ላይ የተጻፈውን አንብቡት፣ በሕይወት ካሉ ደግሞ ስልካችሁን ከፍታችሁ ቅዱልኝ፣ የት ከተማ እንደነበሩ፣ ምን እንደበሉ፣ ማንን እንደጠበቁ፣ ሰዉ እንዴት እንደተቀበላቸው። ኮርያ የሄዱት ማህበርም ሐውልትም አላቸው። የኮንጎዎቹ እያለፉ ነው።